ገመዱን መልሼ ሰካሁት

መርዶ በአገራችን ሥርዓት አለው። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «ወንድምሽ ሞተ» አይልሽም። ዘመድ ይጠራራል፣ ጎረቤት ይመካከራል፣ ደም ግፊት ወይ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ነርስ የሆነች የሰፈር ልጅ እንድትገኝ ይደረጋል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። ነገሩ ሁሉ የሚረዳው ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። እኔ ግን የወንድሜን መሞት የሰማሁት ከኮምፒዩተር ነው። ረፋድ ላይ፣ ሥራ ቦታዬ ተቀምጬ፣ እየሳቅኩ። እየሳቅኩ ስላችሁ ወሬውን ለማጣፈጥ አይደለም፤ የምሬን ነው፣ ጥርሴ ወጥቶ ነበር። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያኔ አሰላ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ነበር የምሠራው። ስሜ ወይንሸት ነው፣ ሰው ሁሉ ወይኒ ይለኛል። ወሬ እወድ ነበር፣ በሰው መቀለድ እወድ ነበር፣ ደግሞ የያዝኩትን ሥራ «ተይው» ሲሉኝ ደሜ ይፈላ ነበር። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ታደሰ ናቸው። አባታችን የሞተው ልጆች ሳለን ስለሆነ እሳቸው ለኔም ለወንድሜም የአባት ያህል ነበሩ። ደንበኛ የምትቀበለው ሐሊማ ናት። ሐሊማ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ ስትደሰትም ስትናደድም ወደዚያው ትገባለች፣ እኔም ከሷ ጋር ስውል ግማሽ በግማሽ አወራለሁ። ፎቶ የማሳምረው፣ አልበም የማዘጋጀው፣ ባነር የምሠራው እኔ ነኝ። ኮምፒዩተር ሲበላሽም የምጠራው እኔ ነኝ፤ ተምሬው ሳይሆን ሌላ ሰው ስለሌለ።

እዚህ ጋ ስለ ዲስኳ መናገር አለብኝ። የምናነሳው ፎቶ ሁሉ የሚቀመጠው በየኮምፒዩተሩ ውስጥ አይደለም። ጓዳው ውስጥ መደርደሪያ ላይ የጫማ ካርቶን የምታክል ሳጥን አለች፣ ሁሉም ኮምፒዩተሮች በገመድ ከሷ ጋር ተያይዘዋል፣ ፎቶው ሁሉ እዚያ ነው ያለው። «ዲስኳ» ነው የምንላት። ታዲያ ገመዷ ከወለቀ ወይም መብራት ጠፍቶ ከመጣ ፋይል የምናይበት ዊንዶው ስታክ ያደርጋል። ነጭ ይሆናል፣ ከላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር እየተሳበች ትሄዳለች፣ ግን አትደርስም። ልዝጋው ብትሉ አይዘጋም። የራሱ የኮምፒዩተሩ ፋይል እንኳን አልከፈትም ይላል፤ የሄደችውን እየጠበቀ ነዋ። ደጋግማችሁ በጫናችሁት ቁጥር ይብስበታል። ጋሽ ታደሰ ይህን ስነግራቸው «እሺ» ይላሉ፣ ከዚያ ስታክ ሲያደርግ ማውሱን ይደበድቡታል። መፍትሔው ጓዳ ሄዶ ገመዱን መልሶ መሰካትና ታግሶ መጠበቅ ነው። ዲስኳ ስትመለስ ዊንዶው ከቆመበት ይቀጥላል፣ ፎቶዎቹም አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ይላሉ።

ወንድሜ ሳምሶን ታናሼ ነው። ለእናታችን እኔና እሱ ብቻ ነን። ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ቆይቷል፤ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሱቅ ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ይደውላል። እማዬ ቅዳሜ ማታ ለቅሶ ቤት እንኳን አትሄድም፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ሲደውል «ወረቀቴ አልቆልኛል እማዬ፣ ለመስቀል እመጣለሁ» አላት። ከዚያን ቀን ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። አልጋውን ወደ መስኮቱ ታዞርለታለች፣ ብርድ ያገኘዋል ብላ ደግሞ ትመልሰዋለች። ክረምቱ ገና እየገባ ነበር፣ ጭላሎ ጉም ለብሶ ነው የሚውለው፣ እሷ ግን ስለ መስከረም ነበር የምታወራው። እኔም ብሆን ከሷ አልሻልም ነበር። ቀን ስቆጥር ነበር የምውለው።

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ለእማዬ ሱቋን ከፈትኩላት። ሱቋ ከፎቶ ቤታችን ፊት ለፊት ነው፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅመም ትሸጣለች። እዚያው ተሰናብቻት ስሻገር የፎቶ ቤቱ በር ተከፍቷል። ጋሽ ታደሰ ከኔ ቀድመው ገብተው አያውቁም።

«ደህና አደሩ ጋሽ ታደሰ? ዛሬ ደግሞ ከአልጋ ማን ገፈተረዎት?» አልኳቸው።

ከጓዳው ነበር የወጡት። እጃቸው አቧራ ነክቶታል፣ በኮታቸው ጠረጉት። «እንዲያው እንቅልፍ እምቢ አለኝ ልጄ» አሉ። ፊቴን አላዩም። ሐሊማ መደርደሪያው ጀርባ አጎንብሳ የሆነ ነገር ትፈልጋለች። «ሐሊ» ብላት ቀና አለች፣ ዓይኗ በርበሬ መስሏል። «ጉንፋን» አለች።

«ወይኒ» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ «ሁሩታ ሥራ ተገኝቷል። የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት ነው። ካሜራውን ይዘሽ አሁኑኑ ተነሺ፤ አጎትሽ ቤት ታድሪያለሽ።»

«ምን ያሳድረኛል? ሁሩታ እኮ እዚህ ናት።»

«ሲመሽብሽስ? ደግሞም ዝናብ ነው። እደሪ።»

አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ያኔ ግን ያሰብኩት ስለ እማዬ ነበር፤ ሳሚ ሲደውል አብሬያት እንዳልሆን ብዬ ነው ያኮረፍኩት። ያም ሆኖ ሥራ ሥራ ነው። «እሺ፣ ካርዱን ላራግፍና እሄዳለሁ» አልኩ።

ካርድ ማራገፍ ማለት ካሜራው ውስጥ ያለውን ፎቶ ወደ ዲስኳ ማስተላለፍ ነው። ካሜራው ውስጥ የሰሞኑ ሠርግ ነበረበት። ያልተራገፈ ካርድ ከፎቶ ቤቱ በር እንዳይወጣ ሕግ አለን፤ ሕጉን ያወጡት ደግሞ ራሳቸው ጋሽ ታደሰ ናቸው። ድሮ አንድ ሠርግ ጠፍቶባቸው የሙሽራዋ አባት ያደረጓቸውን እስካሁን ያወራሉ።

«ዛሬ ይቅር» አሉኝ።

ሰማሁ ወይስ አልሰማሁም ብዬ ዞር አልኩ። «ይቅር? ጋሽ ታደሰ ነዎት አሁን ይቅር ያሉኝ? የሰው ሠርግ ይዤ ሚኒባስ ልሳፈር?»

«ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል። አትንኪው። ባለሙያ ጠርቻለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ከኔ ሌላ ባለሙያ የሚጠራው?» ብዬ ወንበሬን ሳብኩና ተቀመጥኩ። ስክሪኑ በቁልፉ ጠፍቷል። አበራሁት። ዊንዶው ነጭ ሆኖ ደርቋል፣ አረንጓዴዋ መስመር ትሳባለች። የምን ፎልደር እንደሆነ እንኳን አይታይም። በሆዴ «በቃ ማውሱን ደብድበውት ነው፣ አፍረው ነው» አልኩ። ደስም አለኝ፤ የምቀልድበት አገኘሁ።

«ማውሱ ምን በደለዎት ጋሽ ታደሰ? እስቲ ይንገሩኝ።»

አልሳቁም። ሁልጊዜ ይስቁ ነበር። በኔና በስክሪኑ መካከል መጥተው ቆሙ፣ ትልቅ ሰውዬ ናቸው፣ ሁሉን ነገር ሸፈኑት። ሐሊማ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ወይኒ ኮ፣ ኮቱ፣ ነይ፣ ቁርስ እንብላ።»

«በልቻለሁ እኮ፣ እንዴት ነሽ አንቺ።»

«ሻይ እንጠጣ በቃ።»

እጇ በረዶ ሆኗል። ብርድ መሰለኝ። የአሰላ ሰው በሰኔ እጁ ቢቀዘቅዝ ማን ይገርመዋል? ክንዴን አስለቀቅኩና ወደ ጓዳ ሄድኩ።

ገመዱ ከዲስኳ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ወልቆ ስላችሁ የላላ አይደለም፤ መያዣዋን ተጭኖ የነቀለው ሰው አለ። «ማነው ይህን የነቀለው?» ብዬ ጮክ አልኩ። ጋሽ ታደሰ ተከትለውኝ መጥተው የጓዳው በር ላይ ቆመዋል፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

«ወይኒ፣ ተይው ልጄ።»

«ለምን?»

«በእናትሽ ተይው።»

እኔን ማንም ሰው በእናቴ ለምኖኝ እምቢ ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ተናድጄ ነበር፤ ቅዳሜ ማታዬን ሊወስዱብኝ ነው፣ ካርዴን አላስራግፍ ብለውኛል፣ ደግሞ ሁለቱም የሚደብቁኝ ነገር አለ። «ገመድ እኮ ነው ጋሽ ታደሰ፣ እባብ አይደለም» አልኩና መልሼ ሰካሁት። ቀጭ አለች። ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ጋሽ ታደሰ ሳልፍ ከበሩ ዞር አሉልኝ። ሊይዙኝ እጃቸውን ሰንዝረው ነበር፣ መልሰው ሰበሰቡት።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። መስመሯ ተሳበች፣ ተሳበችና ጠፋች። ዊንዶው ነፍስ ዘራ። ባዶ ባዶ አራት ማዕዘኖች ታዩ፣ ከዚያ መሙላት ጀመሩ።

መጀመሪያ የመጣው ሳሚ ነው። ሊሄድ ሰሞን እኔው ራሴ ያነሳሁት ፎቶ፤ ቡናማ ሹራብ ለብሶ፣ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነክሶ። ቀጥሎም ሳሚ፣ ያው ፎቶ ግን ጀርባው ተቆርጦ የወጣ። ለባነር ስንሠራ ነው ጀርባ የምንቆርጠው። በቃ፣ ገባኝ አልኩ። ሰው ከውጭ ሲመጣ ቤተሰቡ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚል ባነር ያሠራል፤ ስንቱን ሠርቻለሁ። ጠዋት ማልደው መግባታቸው፣ ከስክሪኑ ላይ የሚያርቁኝ፣ ሁሩታ ልከው የሚያሳድሩኝ፣ የሐሊማ ዓይን፣ ሁሉም ልክ መጣልኝ። ሳሚ መስቀልን አልጠበቀም፣ ነገ ሊገባ ነው፣ እኔንና እማዬን ሊያስደነግጡን ነው። ሳቄ መጣ። ወንበሩን አዙሬ፣ «ሊመጣ ነው አይደል? ደረስኩባችሁ፣ ሊመጣ ነው» አልኳቸው።

ጋሽ ታደሰ ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ። መሬት ላይ። ሐሊማ ሻሿን አፏ ውስጥ ከታለች። እኔ ጥርሴ እንደወጣ ወደ ስክሪኑ ዞርኩ፣ የመጨረሻዋ አራት ማዕዘን ሞላች። ሳሚ መሃል ላይ ነው፣ በግራና በቀኙ ሻማ፣ ከላይ መስቀል። ሻማዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ለለቅሶ ፎቶ ብዬ እኔ ነኝ የሠራኋቸው፣ ለከተማው ሰው ሁሉ እነሱን ነው የምንጠቀመው። ከሥሩ «ነፍስህን በገነት ያኑርልን» ይላል፣ «ቤተሰቦችህ» ይላል። ቤተሰቦችህ ማለት እኔና እማዬ ነን። አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት። ቃሉ ይገባኛል፣ ነገሩ ግን አልገባኝም።

ከዚያ ገባኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፄ ሳይወጣ የሐሊማ እጅ አፌ ላይ ነበር። «እናትሽ፣ ወይኒ፣ እናትሽ ከዚያ ማዶ ናት፣ አልሰማችም፣ ያ ረቢ፣ አልሰማችም» ትለኛለች ጆሮዬ ላይ። ነከስኳት። አልለቀቀችኝም። በሌላ እጇ የትልቁን ማተሚያ ማሽን ማብሪያ ተጫነች፤ ማሽኑ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። በሱ ውስጥ አለቀስኩ። በመስታወቱ ውስጥ እማዬ ትታየኛለች፣ ለአንዲት ሴትዮ በርበሬ እየመዘነች፣ ሁለቱም የሆነ ነገር ያስቃቸዋል።

ማሽኑ ዝም ሲል ጋሽ ታደሰ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሐሙስ ማታ ሱቅ ውስጥ እያለ ሰዎች ገብተው በጥይት መቱት። አጠገቡ የሚሠራ የሮቤ ልጅ ለአጎቴ ደወለ። አጎቴ ሁሩታ ሆኖ ዘመድ አሰባስቧል። እማዬ እሑድ ጎህ ሲቀድ እንድትረዳ ተቆርጧል፤ የሮቤና የኦጎልቾ ዘመዶች እስኪደርሱ፣ ነርሷም ተረኝነቷን እስክትጨርስ ነው። እኔን ደግሞ አጎቴ ቤት ሊያረዱኝ፣ ከዘመድ ጋር አብረው ሊመልሱኝ ነበር። ምርቃት የሚባል ነገር አልነበረም።

«እዚህ ለምን ሠሩት?» አልኳቸው። «ከተማው ውስጥ ሌላ ፎቶ ቤት የለም?»

«አሉኝ፣ ሌላ ጋ ይሠራ አሉኝ» አሉ። «እምቢ አልኩ። የሳሚ ፎቶ በሰው ቤት አይሠራም አልኩ። ሳትመጪ ልጨርሰው ነበር። ድምፅሽን ከማዶ ስሰማ ልዝጋው ብል እምቢ አለኝ፣ እጄ ተሳሰረ። ፎቶው ያለው ጓዳ፣ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው እያልሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሮጬ ገመዱን ነቀልኩት። ስነቅለው ከስክሪኑም የሚጠፋ መስሎኝ።»

ሽማግሌ ሰው መሬት ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ። «በይ አሁን ሁሩታ ሂጂ» አሉኝ ሁለቱም። እዚያ ከዘመድ ጋር አልቅሺ፣ ይውጣልሽ፣ ጠዋት ትመጫለሽ። ልሄድም ተነስቼ ነበር። በኋላ ቅዳሜ መሆኑ ትዝ አለኝ። ማታ እማዬ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ብቻዋን ልትጠብቅ ነው። የማይደውል ልጅ ብቻዋን ስትጠብቅ ልታመሽ ነው። «አልሄድም» አልኳቸው። «አብሬያት አመሻለሁ። አልነግራትም። እችላለሁ።»

«አትችዪም ልጄ።»

«እችላለሁ አልኩ እኮ።»

የመጨረሻዋ ደህና ማታዋ ናት። እኔ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። ወንድሜን ከሞት መመለስ አልችል፣ ለእናቴ ግን አንድ ማታ ላቆይላት እችላለሁ ብዬ ነው።

ደግሞ ፎቶው አላማረም ነበር። ጋሽ ታደሰ ጀርባውን ሲቆርጡ ግራ ጆሮውን አብረው ቆርጠውታል። ጆሮ በሌለው ፎቶ ወንድሜ ድንኳን ውስጥ ሊቆም አይችልም። ተቀምጬ ጆሮውን መለስኩለት። ፊቱ ላይ ጥላ ነበረ፣ አነሳሁት። ሐሊማ አጠገቤ ቆማ ጀርባዬን ታሻለች። ስጨርስ ምንም አልተሰማኝም፣ የማላውቀው ሰው ፎቶ መሰለኝ፤ እሱ ነው ከሁሉም ያስፈራኝ።

ማታ ከእማዬ ጋር ሱቋን ዘግተን ገባን። «ዓይንሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ፣ «የሐሊማ ጉንፋን ይዞኝ ነው» አልኩ። እራት አቀረበች፣ በላሁ። እንዴት እንደበላሁ አትጠይቁኝ፤ እያንዳንዱ ጉርሻ ድንጋይ ነበር። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው። እሷ ስለ መስቀል ታወራለች፣ በግ ከማን እንደምትገዛ፣ ጎረቤት ማን ማን እንደሚጠራ። በየመሃሉ ስልኩን በጣቷ እየነካች መብራቱን ታየዋለች።

የሚደውልበት ሰዓት አለፈ።

«ሥራ በዝቶበት ነው» አለች።

«አዎ እማዬ።»

ስልኩን ወደኔ ገፋችው። «እስቲ አንቺ ደውዪለት።»

ዓለም ላይ ያለ ሰበብ ሁሉ ተሰብስቦ ምላሴ ላይ ቆሞ ነበር፣ አንዱም አልወጣ አለኝ። ስልኩን አነሳሁ። የሞተ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ጠፍቷል ይለኛል ብዬ ነበር፣ ጠራ። ረጅም ጠራ። ማን ኪስ ውስጥ፣ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እየጠራ እንደሆነ አላውቅም። እማዬ ከእጄ ወሰደችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው፣ ፊቷ በራ።

«ይጠራል እኮ» አለች። «ከጠራማ ደህና ነው ማለት ነው።»

«አዎ» አልኳት። «ደህና ነው።»

አፌ ነው ያላት። ከዚያ ተኛን። እሷ ተኛች ማለቴ ነው። እኔ ልብሴን ሳላወልቅ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ትንፋሿን እየሰማሁ ቆየሁ። ደህና እንቅልፍ ነበር የተኛችው፣ እሱን መካድ አልችልም።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እማዬ ጋቢዋን ደርባ ከፈተች። አጎቴ፣ ቄሱ፣ ጋሽ ታደሰ፣ ነርሷ፣ ከኋላቸው የሮቤና የኦጎልቾ ዘመዶች፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በዚያ ሰዓት፣ እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እሷ ግን እነሱን ብዙ አላየችም። ዞራ እኔን አየችኝ። ልብሴን እንደለበስኩ፣ ጫማዬን እንዳደረግኩ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጫለሁ። አልደነገጥኩም። «ምን ሆናችሁ?» አላልኩም። ያወቀችው ከነሱ አይደለም፤ ከኔ ነው።

«ማታ ደውለሽለት ነበር እኮ» አለችኝ።

አልጮኸችም። እየጠየቀችኝ ነበር። አጎቴ አቅፏት ሰዎቹ ማልቀስ እስኪጀምሩ ድረስ ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ከዚያ ወደቀች።

ለቅሶው እንደማንኛውም ለቅሶ ነው፣ አልተርክላችሁም። የሳሚ ፎቶ ድንኳኑ ውስጥ ቆመ፣ ሰው ሁሉ «እንዴት ያምራል፣ የሚናገር ይመስላል» አለ። አስከሬኑ ዘግይቶ መጣ፣ ቀበርነው።

ዛሬም እዚያው ፎቶ ቤት ነኝ፣ የት እሄዳለሁ። ዊንዶው ስታክ ሲያደርግ ግን ጓዳ አልገባም። ሐሊማ ሄዳ ትሰካለች፣ እኔ ደጅ እወጣለሁ፣ ፎቶዎቹ ተከፍተው ካለቁ በኋላ ትጠራኛለች። ጋሽ ታደሰ ገመድ አጠገብ አይደርሱም። እኔም በሳቸው መቀለድ አቁሜያለሁ፤ ሁለታችንም ይህን አንስተን አናወራም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ምናልባት «ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብሽ?» ትሉ ይሆናል። ብዙ አስቤበታለሁ። ብነግራት ኖሮ ብቻችንን፣ ያለ ሰው፣ ያለ ነርስ እቤት ውስጥ ትወድቅብኝ ነበር። ሁሩታ ብሄድ ብቻዋን ስልክ ስትጠብቅ ታመሽ ነበር። ሥርዓቱ ልክ ነው ይላሉ፣ እኔም ልክ አይደለም አልልም። ግን ሥርዓቱን ያወጡት ሰዎች የሚያውቀው ሰውና የማያውቀው ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ሲያመሹ ምን እንደሚሆን አላሰቡበትም። ለእማዬ አንድ ማታ ሰጠኋት ብዬ ነበር። እሷ የምታስታውሰው ግን ልጇ ሞቶ እያለ መጥገቧን፣ ስለ በግ ማውራቷን፣ ስልኩ ሲጠራ ደስ ማለቷን ነው። አንድ ቀን ብቻ አንስታዋለች፤ «ስቄ ነበር ያን ለታ» አለች። ሰው ሁሉ ጊዜ ይፈታዋል ይለኛል። እኔ ሲፈታ አላየሁም።

አትጣላኝም። እራት ታቀርባለች፣ ጠዋት ትቀሰቅሰኛለች። የኔን ቃል ግን አታምንም። ሮቤ ያለች አክስታችን ታማ፣ ደውዬ አናግሬያት እማዬን «ተሽሏታል» አልኳት፤ ሰማችኝና በማግስቱ ሱቋን ዘግታ ሚኒባስ ተሳፍራ ሄዳ በዓይኗ አይታት መጣች። ሰው ደህና ነው ስላት ፊቴን ታየዋለች፣ ልብሴን ታየዋለች፣ ጫማዬን ታየዋለች።

በቅርቡ እኔ ራሴ አሞኝ ነበር፣ ተራ ጉንፋን ነው፣ ክረምት ነው። ሥራ ቦታ ሆኜ ሳስል እማዬ አስፋልቱን ተሻግራ መጣች። «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «ደህና ነኝ እማዬ፣ ጉንፋን ነው» አልኳት። አልፋኝ ወደ ሐሊማ ሄደች፣ እጇን ያዘቻት፣ ቀስ ብላ፣ እኔ እየሰማኋት፣ «ሐሊማዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ልጄ ደህና ናት?» አለቻት።